«ፎቶዬን አውርዱልኝ» ያሉኝን እናት ምን ልበላቸው?

ብዕረኛዋ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፤ ታገሡኝ።

በአንድ የማኅበረሰብ ልማት ድርጅት ውስጥ ኮሙኒኬሽን ላይ ከሠራሁ አራት ዓመቴ ነው። ድርጅቱ ትንሽ ነው። «የኮሙኒኬሽን ክፍል» ሲባል እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው የለም። ፌስቡኩም፣ ቴሌግራሙም፣ ዓመታዊ ሪፖርቱም፣ ባነሩም በእኔ እጅ ነው። እንግዳ ሲመጣ ፎቶ አነሳለሁ፤ ስብሰባ ሲኖር ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ። ሥራዬን እወደዋለሁ። ለዚህም ነው እንቅልፍ ያጣሁት።

የዛሬ ሦስት ዓመት ፊልድ ወጥቼ አንዲት እናት ፎቶ አነሳሁ። የቁጠባና ብድር ቡድናችን አባል ናቸው። ልብስ እያጠቡ ነበር። ክንዳቸው እስከ ክርናቸው ድረስ አረፋ ለብሷል። ስጠራቸው ቀና አሉ፤ የጠዋቷ ፀሐይ ግማሽ ፊታቸው ላይ አረፈች። አንዴ ብቻ ነው የተጫንኩት። እስካሁን ካነሳኋቸው ሁሉ የሚበልጠው ፎቶ እሱ ነው። ዛሬም እንደዚያ ነው የማምነው።

ከዚያ በኋላ ያ ፎቶ ያልገባበት የለም። የዚያ ዓመት ሪፖርት ሽፋን ሆነ። ብሮሹር ላይ ወጣ። አዳራሻችን በር ላይ የቆመው ባነርም እሱ ነው። ለጋሾቻችንም ወስደው በየድረ ገጻቸው ለጠፉት። ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ የጻፍኩት እኔ ነኝ። «የሚላስ የሚቀመስ ካልነበረበት ቤት ወደ ራሷ ገቢ» ይላል።

ባለፈው ማክሰኞ ሴትየዋ ቢሮ መጡ። ቀጠሮ አልነበራቸውም። ከቦርሳቸው ሪፖርቱን አወጡ። አራት ቦታ ታጥፎ ስለቆየ ሽፋኑ እጥፋቱ ላይ ቀለሙ ለቆ ነጭ መስመር አውጥቷል። መስመሩ ፊታቸው ላይ ነው የሚያልፈው። ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግተው በመዳፋቸው ደለደሉት። ከዚያ አውራ ጣታቸውን ጽሑፉ ላይ አሳረፉ።

«ይኼን ማን ነው የነገረሽ?» አሉኝ።

ዝም አልኩ።

«እኔ ልብስ አጥቤ ነው ልጆቼን ያሳደግኩት። ቤቴ የሚላስ የሚቀመስ ጠፍቶ አያውቅም። ጠፍቶብኛል ብዬሻለሁ?»

አላሉኝም። ያን ቀን የጻፍኩበት ማስታወሻ ደብተር አለኝ፤ ማታ ቤት ገብቼ አየሁት። «ልብስ አጥባለሁ፣ ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ቁጠባ የጀመርኩት ለትልቋ ትምህርት ነው» ይላል። ሌላ ነገር የለም። ያንን ሐረግ ጽሑፉ እንዲያምር ብዬ የጨመርኩት እኔ ነኝ።

ትልቋ ልጃቸው አሁን ዘጠነኛ ክፍል ናት። የክፍል ልጆች ፎቶውን ቴሌግራም ላይ አገኙት። ከዚያ ወዲህ ስሟን ትተው «የሚላስ የሚቀመስ» ነው የሚሏት። ትምህርት ቤት አልሄድም ብላ ሁለት ቀን ቤት ውላለች። እናቷ ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም። «ፎቶዬን አውርዱልኝ» ብለው ተነሡ።

ለሥራ አስኪያጃችን ነገርኩት። «ፈርመዋል አይደል?» አለኝ። እውነት ነው፤ ፈርመዋል። ቅጹ ላይ «ድርጅቱ ምስሌን በማንኛውም መንገድና ላልተወሰነ ጊዜ እንዲጠቀምበት ፈቅጃለሁ» ይላል። እስክሪብቶውን ያቀበልኳቸው እኔ ነኝ። ግን ያን ዕለት ለስፌት ሥልጠና ለመመዝገብ ተሰልፈው ነበር። ቅጹን ከመመዝገቢያው ወረቀት ጋር አንድ ላይ ነው የሰጠኋቸው። በዚያ ሰዓት ምን ብለው እንቢ ይላሉ?

ይባስ ብሎ በሦስት ሳምንት ውስጥ የምናስገባው ትልቅ ፕሮፖዛል አለ። ሽፋኑ ያው ፎቶ ነው፤ ዲዛይኑ አልቋል። ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አይደለም። የስድስት ሰው ደመወዝ በዚያ ፕሮፖዛል ላይ ተንጠልጥሏል። «እሱ ይለፍና እናያለን» ነው የሚለው።

ምን ላድርግ? ለእሳቸውስ ምን ብዬ ልመልስ?

ካሜራ በእጄ

እህቴ፣ መጀመሪያ በእጅሽ ያለውን ዛሬውኑ አውርጂ። የፌስቡኩና የቴሌግራሙ ቁልፍ አንቺ ጋ ነው። ክርክሩ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ልጅቷ ነገም ክፍል ገብታ ከእነዚያ ልጆች ጋር ነው የምትውለው።

እኔ ፎቶ አንሺ ነኝ። ታሪክሽን ሳነብ ትዝ ያለኝን ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1936 ዶሮቲያ ላንግ የምትባል አሜሪካዊት ፎቶ አንሺ ካሊፎርኒያ ውስጥ ኒፖሞ በሚባል ቦታ አንዲት እናት አነሳች። እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ፣ ልጆቿ ትከሻዋ ላይ ፊታቸውን ደብቀው። «ስደተኛዋ እናት» በሚል ስም ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ፎቶ ነው። ላንግ የሴትዮዋን ስም አልጠየቀቻትም። ማንነቷ በጋዜጣ የወጣው ከ42 ዓመት በኋላ በ1978 ነው። ፍሎረንስ ኦወንስ ቶምፕሰን ትባላለች። ባትነሳኝ ይሻለኝ ነበር ብላለች። ከፎቶው አንድ ሳንቲም አላገኘችም። እልክልሻለሁ የተባለችው ቅጂም አልደረሳትም።

ከሁሉ በላይ የአንቺን ጉዳይ የሚመስለው ግን ይሄ ነው። ላንግ ሴትዮዋ የመኪናዋን ጎማ ሸጣ ምግብ እንደገዛች ጽፋለች። ቤተሰቡ ይህን አይቀበልም። ልጇ ጎማ አልሸጥንም፤ የነበረን መኪናው ላይ የተገጠመው ብቻ ነው፤ በዚያው መኪና ነድተን ሄድን ብሏል። አየሽ፣ ከ40 ዓመት በኋላም ቤተሰቡ የሚያነሣው የጎማዋን ነገር ነው። ሰው ድህነቱ ሲታይ ሊችለው ይችላል። ያልሆነውን ሆነ ሲባል ግን አይረሳውም።

ሴትየዋ አውራ ጣታቸውን ጽሑፉ ላይ ነው ያሳረፉት። ፎቶው ላይ አይደለም። እስቲ አስቢበት።

ገቢ አሰባሳቢ

እኔ ደግሞ ከሌላኛው ወገን ልናገር፤ ሥራዬ ገንዘብ ማሰባሰብ ነው። እንደ ካሜራ በእጄ ሁሉ አውርዱት ባይ ነኝ። ግን ሥራ አስኪያጁ ለምን እንደፈራ ይገባኛል። ፍርሃቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የታወቀ ጥናት አለ። የዲቦራ ስሞል፣ የጆርጅ ሎዌንስታይንና የፖል ስሎቪክ ነው። ለሰዎች 5 ዶላር ሰጥተው ከዚያ ላይ የፈለጉትን ያህል እንዲለግሱ ጠየቋቸው። የአንዲት ልጅ ታሪክ ያነበቡት በአማካይ 2.38 ዶላር ሰጡ። ስለ ሚሊዮኖች ረሃብ ቁጥር ብቻ ያነበቡት 1.14 ዶላር። ልጅቷንም ቁጥሩንም አንድ ላይ ያዩት ደግሞ 1.43 ዶላር። ቁጥሩ ሲጨመር የልጅቷ ታሪክ ኃይሉን አጣ ማለት ነው። ስለዚህ አንዳንዱ እንደሚመክረው «ሰው አናሳይም፤ በቁጥርና በሥዕላዊ መግለጫ እንተካዋለን» ብትሉ ገቢያችሁ ሊጎዳ ይችላል። ይህን ደብቄ ብመክርሽ ልክ አይሆንም።

ከዚህ ጥናት እኔ የምወስደው ግን አንድ ሰው በቅርብ ሲታይ ልብ እንደሚነካ ነው። ያ ሰው የግድ እሳቸው መሆን የለባቸውም። በቡድናችሁ ውስጥ ታሪኬን ልናገር፣ ፊቴም ይታይ የሚል ሰው አይጠፋም። ሦስት ሳምንት አለሽ። አንድ ሰው አግኝቶ፣ በደንብ አስረድቶ፣ አዲስ ሽፋን ለመሥራት ይበቃል። ዲዛይነሩ ግማሽ ቀን ቢወስድበት ነው።

ለሥራ አስኪያጁም ሌላ ነገር አንሺበት። ለጋሹ ነገ ለጉብኝት ቢመጣ «ያቺን እናት አገናኙኝ» ማለቱ አይቀርም። ሁሌም ይላሉ። ያኔ ምን ሊመልስለት ነው?

ብዕረኛዋ

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ፌስቡኩንና ቴሌግራሙን ትናንት ማታ አጠፋሁ፤ ማንንም አላስፈቀድኩም። ባነሩንም ጠቅልዬ ስቶር አስገባሁት። የለጋሹን ጉብኝት ነገር ጠዋት ለሥራ አስኪያጁ አነሳሁለት። ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ «ሌላ ፎቶ ካገኘሽ አምጪ» አለኝ። እንደ መፍቀድ ነው የቆጠርኩት።

የጨነቀኝ የቀረው ነው። የት የት እንዳለ እንኳ አላውቅም። ድራይቫችን ላይ ፋይሉ በአምስት የተለያየ ስም ተቀምጧል። ለስንት ሰው በኢሜይል እንደላክሁት አላስታውስም። ደግሞ ሄጄ ላናግራቸው እያልኩ እግሬ አልሄድ ብሎኛል።

አሥራ አንድ ዓመት በፊልድ

ልጄ፣ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፍልሽ። ይህ ነገር በእኔም ደርሷል፤ እኔ ግን ያወረድኩት ዘግይቼ ነው።

ከቀላሉ እንጀምር። ዛሬ አንድ ኤክሴል ክፈቺ። ፎቶው የወጣበትን ሁሉ በየመስመሩ አስገቢ፤ የት፣ መቼ፣ በማን እጅ፣ ምን ዓይነት ጽሑፍ ከሥሩ አለ። የኢሜይልሽን «የተላኩ» ዝርዝር በፋይሉ ስም ፈልጊ። አምስት ስም ካለው አምስት ጊዜ ፈልጊ። ፎቶውን ጉግል ሌንስ ላይ ስትጭኚው ከረሳሻቸው ገጾች የተወሰኑት ይወጣሉ። ከዚያ ለእያንዳንዱ አጭር ደብዳቤ ጻፊ፤ «ባለታሪኳ ፈቃዳቸውን አንሥተዋል፣ እስከዚህ ቀን ድረስ አውርዱልን፣ ማውረዳችሁንም አሳውቁን» በቃ። ምክንያት አትዘርዝሪ። የልጅቷን ነገር ለማንም አታንሺ፤ እሱ የእሷ ጉዳይ ነው። ለጋሾቻችሁ አውሮፓ ውስጥ ካሉ ነገሩን ቶሎ ይረዱታል። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ጥበቃ ደንብ፣ ፈቃድን ማንሣት ፈቃድ የመስጠቱን ያህል ቀላል ይሁን ይላል።

ፌስቡክ ላይ ዋናውን ፖስት ስላጠፋሽ ሼር የተደረገውም አብሮ ይጠፋል። ቴሌግራም ግን እንደዚያ አይደለም፤ ወደ ሌላ ግሩፕ የተላለፈው እዚያው ይቀራል። የወረደውማ በየስልኩ አለ። ይህን ለእናትየው በግልጽ ንገሪያቸው። «ሁሉንም አጥፍቻለሁ» ብለሽ ልጅቷ ሳምንት ቆይታ ብታየው ሁለተኛ አያምኑሽም።

አሁን ወደ ቅጹ። እሱ ቅጽ ፈቃድ አይደለም። ሰው የሚፈልገውን ነገር ለማግኘት ተሰልፎ የሚፈርመው ወረቀት የሰልፉ አካል ነው የሚመስለው። እኛ እንዲህ አደረግን። ፎቶ በምናነሳበት ቀን አናስፈርምም። በቃል ጠይቀን እናነሳለን። ከዚያ ፎቶውን አሳጥበን፣ ጽሑፉን ጽፈን፣ ሁለቱንም ይዘን እንመለሳለን። እናነብላቸዋለን። የት የት እንደሚወጣ እናሳያለን፤ በወሬ አይደለም፣ ያለፈውን ዓመት ሪፖርት እጃቸው ላይ አስቀምጠን፣ ፌስቡኩን በስልክ ከፍተን። «ጎረቤትዎ ቢያየውስ? የልጅዎ አስተማሪ ቢያየውስ?» ብለን እንጠይቃለን። ፊርማው ከዚያ በኋላ ነው። የሚያገለግለውም ለሁለት ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ ሄደን እንደገና እንጠይቃለን። ስልክ ቁጥራችን ያለበት ግማሽ ቅጠል እሳቸው ጋ ይቀራል። ያ ግማሽ ቅጠል ከቅጹ ሁሉ ይበልጣል። ሴትየዋ ሪፖርቱን አጥፈው ቢሮ ድረስ የመጡት የሚደውሉበት ስላልነበራቸው ይሆናል።

ይህ አዲስ ፈሊጥ እንዳይመስልሽ። እ.ኤ.አ. በ1967 የካናዳ ብሔራዊ የፊልም ቦርድ ኮሊን ሎው የሚባል ዳይሬክተር ወደ ፎጎ ደሴት ላከ። የኒውፋውንድላንድ ዓሣ አጥማጆች የሚኖሩባት ደሴት ናት። መንግሥት ነዋሪውን ወደ ሌላ ቦታ ሊያዛውር እያሰበ ነበር። ሎው ስለ ደሴቲቱ ችግር አንድ ትልቅ ፊልም ሊሠራ ይችል ነበር። እሱ ግን 27 የሚሆኑ አጫጭር ፊልሞች ሠራ፤ እያንዳንዱ የአንድ ሰው ወይም የአንድ ጉዳይ። ከሁሉ በፊት ያሳየውም ለራሳቸው ለደሴቲቱ ሰዎች ነው። በተለያየ መንደር የሚኖሩት ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። ችግራቸው አንድ መሆኑን ያወቁት ያኔ ነው። ለባለሥልጣናት የታየው በኋላ ነው። ሰዎቹ የዓሣ አጥማጆች ኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ፤ ደሴቲቱንም አልለቀቁም። ሥራችን እንዲህ ሲሠራ ምን እንደሚያመጣ ሰው ሲጠይቀኝ ሁሌ ይህን ነው የምነግረው። ኮሙኒኬሽን ወደ ለጋሽ ብቻ የሚፈስ ውሃ አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ እንዳትቀየሚኝ። ጽሑፍሽን መልሰሽ አንብቢው። «ወደ ራሷ ገቢ» ይላል። ቢሮ ሲመጡ ግን «እንዴት ዋሉ» ብለሽ እንደተቀበልሻቸው አልጠራጠርም፤ እዚህም ስትጽፊ «እሳቸው» ነው ያልሽው። ሪፖርት ላይ ሲሆን ለምን «እሷ» ሆኑ? ይህ የአንቺ ብቻ ጥፋት አይደለም፤ ሁላችንም የምናደርገው ነው። ሥራ አስኪያጁ በሪፖርቱ መግቢያ ላይ «ገለጹ፣ አስረዱ» ይባልለታል። ገጹን ስትገልጪ አባላቱ «ትላለች፣ ትናገራለች» ናቸው። ቋንቋችን ማንን እንደምናከብር ወዲያው ያጋልጠናል። እኔ አሁን አንድ መለኪያ አለኝ። እፊታቸው ቁጭ ብዬ ጮክ ብዬ ላነበው የሚከብደኝን ዓረፍተ ነገር አልጽፍም። «አቅመ ደካማ» የሚለውን ቃል የተውኩት በዚህ ነው። «ተጠቃሚ»ንም በተቻለኝ መጠን እተወዋለሁ። እሳቸው ይቆጥባሉ፣ ይበደራሉ፣ ይከፍላሉ፤ አባል ናቸው።

ልጅቷን በተመለከተ እናቷን ብቻ ሳይሆን እሷንም አናግሪ። ዕድሜዋ ከ18 በታች ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 16 የልጅን የግል ሕይወትና ክብር ይጠብቃል። አንቀጹን ተዪውና፣ ስሟን የወሰደባት የእኛ ጽሑፍ ነው። ይቅርታ ይገባታል።

ሂጂ። ስልክ አትደውዪ፤ ሂጂ።

የፕሮጀክት ሰው

እኔ ኮሙኒኬሽን አይደለሁም፤ ፕሮጀክት ላይ ነኝ። የእኛም ጥፋት አለበት። በየሩብ ዓመቱ መጨረሻ ኮሙኒኬሽኖች «ሳክሰስ ስቶሪ (የስኬት ታሪክ) ስጡን» ይላሉ። እኛ ደግሞ አንድ የሚናገር ሰው እንጠቁምና ወደ ሥራችን እንመለሳለን። ሁሌም እነዚያው ሁለት ሦስት ሰዎች ናቸው። የተጻፈውን አናነብም። ብናነብ «ይህ ትክክል አይደለም፣ እኚህ ሴት እንዲህ አልነበሩም» ማለት እንችል ነበር፤ ቤታቸውን እናውቀዋለና። ስለዚህ ከመታተሙ በፊት ጽሑፉን ለፕሮጀክት ሠራተኛው አሳዪው። ሥራ ይበዛብናል እንላለን፤ አትስሚን።

የብሮሹሩ ልጅ

እዚህ ብዙ ጊዜ አንብቤ ነው የማልፈው። ዛሬ አልቻልኩም።

እኔ ያ ልጅ ነበርኩ። ስምንት ዓመቴ ነበር። ጫማዬን አውልቅ ተባልኩ፤ ጫማ ነበረኝ። ብሮሹሩን ያየሁት አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላኝ፣ አንድ ቢሮ ወረፋ ስጠብቅ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ነው። ከሥሬ «ተስፋ ያልነበረው ልጅ» ይላል። ለማንም ሳልናገር ኪሴ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ። አባቴ እንዳያየው ነበር የፈራሁት። ያን ጫማ የገዛልኝ እሱ ነው።

ድርጅቱ ጥሩ ሥራ ሠርቷል። ትምህርቴን የጨረስኩት በእነሱ ነው፤ ዛሬ የሒሳብ ባለሙያ ነኝ። ይህንን አልክድም። ግን እስከ ዛሬ ማንም መጥቶ «ይህን ጽፈንብህ ነበር» አላለኝም።

ብዕረኛዋ፣ እግርሽ አልሄድ ቢልሽም ሂጂ። እኔ ዘንድ ማንም አልመጣም።

ካሜራ በእጄ

ወንድሜ፣ ስለነገርከን አመሰግናለሁ።

እኔም እንዲህ ያለ ነገር አንስቼ አውቃለሁ። «ጫማህን አውልቅ» ብዬ አላውቅም። ግን «እስቲ አትሳቅ» ብያለሁ። አንተን ካነበብኩ በኋላ የድሮ ፋይሎቼን ከፍቼ ሳይ አመሸሁ።

ብዕረኛዋ

አሥራ ሁለት ቀን ሆነ። የሆነውን ልንገራችሁ፤ ተስፋ አድርጋችሁ እንደምትጠብቁ አውቃለሁና።

የብሮሹሩን ልጅ መልስ ባነበብኩ ማግስት ሄድኩ። ማስታወሻ ደብተሬን ይዤ ነበር። የዚያን ቀኑን ገጽ አወጣሁና ያሉኝን አሳየኋቸው፣ ከዚያ የጨመርኩትን። «ይህን እርስዎ አላሉኝም። እኔ ነኝ የጻፍኩት። ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳቸው። ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ ከዚህ በላይ ግን አልወጣልኝም። ልጅቷ ከበሩ ጎን ቆማ ትሰማ ነበር። ለእሷም ደገምኩት። መልስ አልሰጠችኝም። እናቷ ግን ወንበር ሳቡልኝ።

ቴሌግራም ላይ የተላለፈውን ማጥፋት እንደማልችል ነገርኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና «እንግዲህ እሱን እኛ እንችለዋለን» አሉ። ስለ ሰማኋቸው ቃላት ብዙ ጊዜ አስባለሁ፤ ይህችን ግን የምረሳት አይመስለኝም።

ከዚያ አዲስ ጽሑፍ አነበብኩላቸው። ለመለጠፍ አልነበረም። ፈቃድ ባይሰጡም ቢያንስ ትክክለኛው ምን እንደሆነ ማወቅ ፈልጌ ነው። «ልብስ በማጠብ ሁለት ልጆች ያሳደጉ እናት ናቸው፤ በቁጠባ ቡድኑ ውስጥ ሦስት ዓመት ቆጥበዋል» የሚል ነው። ያን ጊዜ ልጅቷ ከበሩ ጎን ሆና ተናገረች።

«ገንዘብ ያዥ ናት» አለች። «ለምን እሱን አትጽፉም?»

ሁለት ዓመት ሙሉ የቡድኑ ገንዘብ ያዥ ናቸው። እኔ አላወቅኩም። የቡድኑ ሰነድ ላይ በየወሩ ፊርማቸው አለ፤ የፕሮጀክት ሠራተኞቻችን ሁሉ ያውቃሉ። እኔ ጠይቄ አላውቅም። ልብስ ሲያጥቡ አይቻቸዋለሁ፤ በቃኝ ብዬ ተመለስኩ።

ጽሑፉ እንዲወጣ ፈቅደዋል፣ «ገንዘብ ያዥ» የሚለው ገብቶበት። ፊታቸው ግን እንዲወጣ አልፈለጉም፤ ልጅቷም አልፈለገችም። ስማቸውንም አናወጣም። የፕሮፖዛሉ ሽፋን አሁን ሌላ ነው። ከሌላ ቡድን አንዲት አባል ታሪካቸውን ለመናገር ፈለጉ። የተነሱት የቁጠባ ደብተራቸውን ከፍተው ለጎረቤታቸው ሲያሳዩ ነው። ሁለት ጊዜ ሄጄ፣ ጽሑፉን አንብቤላቸው፣ ሪፖርት እጃቸው ላይ አስቀምጬ ነው የፈረሙት። ግማሽ ቅጠሉም እሳቸው ጋ ነው። ሥራ አስኪያጁ መጀመሪያ «የድሮውን ያህል አይስብም» ብሎ ነበር። ያን ታጥፎ የመጣውን ሪፖርት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት። እጥፋቱ ፊታቸው ላይ ሲያልፍ አየው። ከዚያ በኋላ ስለ ሽፋኑ አልተከራከረኝም። ፕሮፖዛሉ ሐሙስ ገብቷል። ውጤቱን ገና አናውቅም።

ኤክሴሉ ላይ 14 መስመር ወጣ። 11ዱ ወርዷል። አንዱ ለጋሽ በዚያው ቀን አውርዶ የእነሱንም ቅጽ እንድናይላቸው ላከልን። ሦስቱ አልመለሱልኝም። ሰኞ እንደገና እጽፋለሁ።

ካሜራ በእጄ፣ «እስቲ አስቢበት» ያልሽኝ ትክክል ነበር። ልወጣ ስል ሴትየዋ አስቆሙኝ። ፎቶውን በወረቀት አሳጥቤ እንድሰጣቸው ጠየቁኝ። «ጽሑፉ ይቅር፤ ፎቶው ብቻ» አሉ። ትናንት አሳጥቤ ወሰድኩላቸው። በብርሃን ፊት ይዘው ለረጅም ጊዜ አዩት። «የዚያን ቀን ፀሐዩ ጥሩ ነበር» አሉኝ።